ሦስቱ ሰዓታት፦ ከጥናት ወረቀት እስከ ማዋለጃ አልጋ

(ስለ ጤና ፖሊሲና ስለ ሕክምና ምርምር የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ስለ ብሔራዊ የጤና ፖሊሲ ሲነሣ ወሬው ቶሎ ወደ በጀት ይሄዳል። ስለ ሕክምና ምርምር ሲነሣ ደግሞ ወደ ቤተ ሙከራ። ዛሬ ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ፣ ማዋለጃ አልጋውን፣ ይዘን እንነጋገር። ጉዳያችን ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ከባድ ደም መፍሰስ ነው። መድኃኒቶቹ ከታወቁ ቆይተዋል፣ ጥናቶቹ ትልልቅና በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው፣ እናቶች ግን ዛሬም በዚሁ ምክንያት ይሞታሉ። ዕውቀቱም አለ፣ ሞቱም አለ። በመካከላቸው ያለው ክፍተት የፖሊሲ ሥራ ነው።

የጥናት ውጤት ከነቅድመ ሁኔታው ነው የሚመጣው። አንድ መድኃኒት ሠራ ሲባል በዚህ መጠን፣ በዚህ ሙቀት ተቀምጦ፣ ይህን ያህል ጊዜ ሳያልፍ ተሰጥቶ ሠራ ማለት ነው። መንግሥት መድኃኒቱን ገዝቶ ቅድመ ሁኔታውን ካልገዛ ወረቀቱ ላይ ያነበበውን ውጤት አልጋው ላይ አያገኘውም። የዛሬው ንግግሬ ከዚህ አይወጣም።

በትራኔክሳሚክ አሲድ እንጀምር። ይህ መድኃኒት የረጋ ደም ቶሎ እንዳይሟሟ ያደርጋል። «ዉማን» በሚል ምሕጻር የሚታወቀውና በ2017 ይፋ የሆነው ጥናት በ21 አገሮች፣ በ193 ሆስፒታሎች ከወሊድ በኋላ የሚደሙ 20,060 እናቶችን አካቷል። ግማሾቹ በዕጣ መድኃኒቱን፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ አገኙ፤ ሌላው የተለመደ ሕክምና ለሁሉም ቀጠለ። መጠኑ 1 ግራም በደም ሥር ነበር፤ ደሙ ከ30 ደቂቃ በኋላ ካልቆመ፣ ወይም ቆሞ በ24 ሰዓት ውስጥ እንደገና ከጀመረ ደግሞ ሌላ 1 ግራም። በደም መፍሰስ የሞቱት መድኃኒቱን ካገኙት 1.5 በመቶ፣ ካላገኙት 1.9 በመቶ ሆኑ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። ጥናቱ ሲታቀድ ዋና መለኪያ ተብሎ የተያዘው ሞት ወይም ማሕፀን ማውጣት በአንድ ላይ ተደምሮ ነበር፤ በዚህ መለኪያ ውጤቱ 5.3 በመቶ ለ5.5 በመቶ ሆነ፤ ልዩነት የለውም ማለት ይቻላል። ላይ ላዩን ያነበበ ኮሚቴ «አልሠራም» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ምክንያቱ ግን ይገኛል፦ በብዙ ቦታ ሐኪሞቹ ማሕፀኑን ለማውጣት የወሰኑት እናቲቱ ወደ ጥናቱ በገባችበት ቅጽበት ነበር። አስቀድሞ የተወሰነን ቀዶ ሕክምና ደግሞ መድኃኒት ሊያስቀረው አይችልም። ተመራማሪዎቹ ይህን ጥናቱ ገና እየሄደ ሳለ ተረድተው የተሳታፊዎቹን ብዛት ከ15,000 ወደ 20,000 አሳደጉ። ለመመሪያ አዘጋጆች ያለኝ ምክር ከዚሁ ይወጣል፤ ዋናውን መለኪያም በደም መፍሰስ የመጣውን ሞትም ጎን ለጎን አቅርቡ፣ የተለያዩበትንም ምክንያት በመመሪያው ማብራሪያ ላይ ጻፉት። የሚወዱትን ቁጥር ብቻ መርጦ ማቅረብም፣ ዋናው መለኪያ አልተለወጠም ብሎ የሚያድን ነገር መጣልም እኩል ይጎዳል።

የጥናቱ ፍሬ ያለው ግን ሰዓቱ ላይ ነው። ከወለዱ በ3 ሰዓት ውስጥ መድኃኒቱን ካገኙት መካከል በደም መፍሰስ የሞቱት 1.2 በመቶ ነበሩ፤ ካላገኙት 1.7 በመቶ። በ1,000 እናቶች 5 ሞት ይቀራል፣ ወይም 200 የምትደማ እናት በጊዜው ስትታከም አንዲት ትተርፋለች ማለት ነው። ከ3 ሰዓት በኋላ ጥቅም አልታየም። ቀጥሎ ይህን ጥናትና በአደጋ ጉዳተኞች ላይ የተደረገውን አጣምሮ 40,138 ሕሙማንን የመረመረ ትንተና በ2018 ወጣ፤ ሕክምናው በ15 ደቂቃ በዘገየ ቁጥር የማዳን ጥቅሙ 10 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አሳየ።

ይህን ቁጥር ይዘን ወደ ክፍያ እንሂድ። በብዙ የጤና ሥርዓት መድኃኒት ከፋርማሲ የሚወጣው ከተከፈለበት በኋላ ነው። እናቲቱ ትደማለች፤ ማዘዣ ይጻፋል፤ ባሏ ወይም እናቷ ወረቀቱን ይዞ ወደ ገንዘብ ተቀባይ ይሮጣል፤ ሰልፍ አለ፤ ደረሰኝ ይቆረጣል፤ ወደ ፋርማሲው ይኬዳል፤ ከሌለ ደግሞ ከግቢ ውጭ። ይህ ሁሉ 45 ደቂቃ ቢወስድ ሦስት ጊዜ 15 ደቂቃ ነው፤ መርፌው ገና ሳይወጋ ከጥቅሙ ሩብ የሚበልጠው ሄደ። ስለዚህ የአከፋፈል ሥርዓት የሒሳብ ክፍል ጉዳይ ብቻ ነው መባሉን አልቀበለውም። ገንዘብ ተቀባዩ ፊት ያለው ሰልፍ የሕክምናው አካል ነው፤ ውጤቱም በሞት ይለካል።

ጤና መድኅን ይህን በራሱ አይፈታውም። ተቋሙ ለአንድ ወሊድ የተወሰነ ጥቅል ክፍያ የሚያገኝ ከሆነ የደማች እናት ኪሳራ ናት፤ በሽተኛዋን ቶሎ ወደ ሌላ ሆስፒታል የመላክ ፍላጎት ይፈጠራል። ለእያንዳንዱ መድኃኒት ለየብቻ የሚከፈል ከሆነ ደግሞ ፋርማሲው ሳይመዘገብ አያወጣም፣ ሰዓቱም ይሄዳል። የሚሻለው መንገድ የወሊድ ድንገተኛ መድኃኒቶችን ከሁለቱም ማውጣት ነው፦ በማዕከል ተገዝተው፣ በማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ በታሸገ የድንገተኛ ሣጥን ተቀምጠው፣ አዋላጇ ማንንም ሳትጠይቅ ከፍታ እንድትጠቀም። ሒሳቡ ከሣጥኑ በጎደለው ልክ በኋላ ይወራረዳል። ሣጥኑን በየፈረቃው ቆጥሮ የሚረከብ ሰው በስም ካልተመደበ ግን በሁለተኛው ወር ባዶ ሆኖ ይገኛል፤ የድንገተኛ ሣጥኖች ሁሉ ዕጣ ይህ ነው።

ስለ ሣጥኑ ይዘት አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ትራኔክሳሚክ አሲድ ብዙውን ጊዜ በ1 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ሆኖ ይመጣል፤ 1 ግራም ማለት 10 ሚሊ ሊትር ነው፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ በዝግታ ይገባል። በፍጥነት ከተገፋ የደም ግፊት ሊያወርድ ይችላል። ከዚህ እጅግ የከፋው አደጋ አምፑሉ፣ ማለትም መድኃኒቱ የሚመጣበት ትንሽ የብርጭቆ ዕቃ፣ ከጀርባ ማደንዘዣ አምፑል ጋር መመሳሰሉ ነው። ለቀዶ ወሊድ በሚዘጋጅበት ሰዓት በማደንዘዣው ፈንታ ይህ መድኃኒት ወደ ጀርባ አጥንት ቦይ ተወግቶ ሕሙማን ሞተዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል። መከላከያው ርካሽ ነው፤ ከማደንዘዣ መድኃኒቶች ተለይቶ በሌላ መደርደሪያ ይቀመጥ፣ በማደንዘዣው ጠረጴዛ ላይ ፈጽሞ አይውጣ፣ ግዥ ክፍሉም ሲገዛ የአምፑሉን መልክ ይመልከት። በዋጋ ብቻ አወዳድሮ የሚገዛ ጨረታ ከአንድ ዓመት ወደ ሌላው የአምፑሉን መልክ ይለውጣል፤ ባለሙያው ደግሞ እጁ የለመደውን ያነሣል።

ወደ ኦክሲቶሲን ስንመጣ ቅድመ ሁኔታው ሰዓት ሳይሆን ሙቀት ነው። ኦክሲቶሲን ማሕፀን እንዲኮማተር ያደርጋል፤ ልጁ እንደተወለደ ለመከላከያ 10 ዩኒት ይሰጣል። ሙቀት ግን ኃይሉን ይበላዋል፣ አምፑሉ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ደግሞ በዓይን ሲታይ አይለወጥም። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት። ችግሩን ያባባሰው አንዳንድ አምራቾች በክፍል ሙቀት ይቀመጥ ብለው መለያው ላይ መጻፋቸው ነው። አንዱ መጋዘን ውስጥ ሁለት ዓይነት መለያ ሲገኝ ሠራተኛው ሁሉንም በአንድ መደርደሪያ ያደርጋል። ያለው አማራጭ አንድ ነው፦ መለያው ምንም ይበል ምን፣ ኦክሲቶሲን ሁሉ ማቀዝቀዣ ይግባ የሚል አገራዊ ደንብ። ማቀዝቀዣ የሌለው ጤና ተቋም የክትባት ማቀዝቀዣውን እንዲጠቀም መፍቀድም ይቻላል፤ ለዚያ ግን የክትባትና የእናቶች ጤና ክፍሎች በጽሑፍ መስማማት አለባቸው። አለበለዚያ ቁልፉ በክትባት ኃላፊዋ ኪስ ውስጥ ሆኖ ሌሊት ወሊድ ይመጣል።

ይህን ሁሉ ጣጣ ለማምለጥ ሙቀት የሚቋቋም ካርቤቶሲን አለ፤ እሱም እንደ ኦክሲቶሲን ማሕፀን የሚያኮማትር መድኃኒት ነው። በ2018 የወጣው «ቻምፒየን» የተባለ ጥናት በ10 አገሮች 29,645 ሴቶችን አካቶ 100 ማይክሮ ግራም ካርቤቶሲን 500 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ የሚደርስን ደም መፍሰስ በመከላከል ከኦክሲቶሲን እንደማያንስ አሳየ። በ2019 በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። መልካም ዜና ነው። ሆኖም ጥናቱ የተነጻጸረበት ኦክሲቶሲን በአግባቡ በቅዝቃዜ የተቀመጠ ነበር፤ ሥርዓቱ ኦክሲቶሲኑን በሙቀት እያበላሸ ባለበት አገር የካርቤቶሲን ጥቅም ጥናቱ ካሳየው ሊበልጥ ይችላል። በሌላ በኩል ካርቤቶሲን ለመከላከል እንጂ ለማከም አይደለም፤ ምጥ ለማምጣት ወይም ለማፋጠን ደግሞ ፈጽሞ አይሰጥም። ስለዚህ አንድ የበጀት ባለሥልጣን «ከእንግዲህ ማቀዝቀዣ አያስፈልግም» ብሎ ከዕቅዱ ቢሰርዘው የደማችውን እናት ለማከም የሚያስፈልገው ኦክሲቶሲን በዚያው ይበላሻል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ግን አንድ ነገር ይቀድመዋል፦ እናቲቱ እየደማች መሆኗን ማወቅ።

ደም በአንሶላ፣ በጋውን፣ በወለል ላይ ይበተናል፤ ከውኃና ከሽንት ጋር ይቀላቀላል። በዓይን የሚገምት ሰው፣ ልምድ ያለውም ቢሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከትክክለኛው ያነሰ ይገምታል፤ ደሙ በበዛ ቁጥር ስህተቱም ይበዛል። በ2023 የታተመው «ኢ-ሞቲቭ» ጥናት የሠራው በዚህ ላይ ነው። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ 80 ሆስፒታሎች ገቡበት፤ 210,132 ሴቶች በብልት ወለዱ። ዕጣ የወጣው ለእናቶች ሳይሆን ለሆስፒታሎች ነበር፤ ምክንያቱም አንዲት አዋላጅ አንደኛዋን አልጋ በአዲሱ፣ ጎረቤቷን በአሮጌው መንገድ አክሚ ሊባል አይቻልም። አዲሱን አሠራር የያዙት ሆስፒታሎች ከእናቲቱ ሥር የሚዘረጋ፣ ደሙን ሰብስቦ በመስመር የሚለካ የፕላስቲክ ኪስ ተሰጣቸው። በኪሱ ላይ 300 እና 500 ሚሊ ሊትር ላይ መስመር አለ፤ 300 ላይ ጥንቃቄ፣ 500 ላይ ወዲያውኑ እርምጃ። ሕክምናውም ተራ በተራ መሆኑ ቀርቶ በአንድነት ሆነ፦ ማሕፀኑን ማሸት፣ ማሕፀን የሚያኮማትር መድኃኒት፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ በደም ሥር ፈሳሽ፣ ከዚያ የደሙን ምንጭ መመርመርና ካልቆመ የበላይ ሐኪም መጥራት።

ውጤቱን ተመልከቱ። በተለመደው አሠራር ሆስፒታሎች ከደሙት እናቶች የታወቁት 51.1 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በአዲሱ 93.1 በመቶ። ሙሉ ጥቅል ሕክምናውን ያገኙት ደግሞ 19.4 በመቶና 91.2 በመቶ። ከባድ ደም መፍሰስ (1,000 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ)፣ ለደም መፍሰስ ሆድ መክፈት ወይም በደም መፍሰስ መሞት ተደምሮ ከ4.3 ወደ 1.6 በመቶ ወረደ። በ10,000 ወሊድ 270 ያህል ማለት ነው። አብዛኛው ልዩነት የመጣው ከከባዱ ደም መፍሰስ መቀነስ መሆኑን በግልጽ መናገር ይገባል፤ ጥናቱ የሞት ልዩነትን ለብቻው በእርግጠኝነት ለማሳየት የታቀደ አይደለም። ቢሆንም በዚህ ጥናት ውስጥ አዲስ መድኃኒት አንድም የለም። ለውጡን ያመጣው መለካትና አብሮ መሥራት ነው።

ፖሊሲ አውጪዎች ይህን ሲቀበሉ የሚጠብቃቸው ወጥመድ አለ። መለኪያ ኪሱ ሥራ ላይ በዋለ በመጀመሪያዎቹ ወራት በመዝገብ ላይ የሚታየው የደም መፍሰስ ቁጥር ይጨምራል። የጨመረው በሽታው አይደለም፤ ከዚህ በፊት ሳይታወቁ ያልፉ የነበሩት እናቶች አሁን ይቆጠራሉ። ይህን ያልጠበቀ የዞን ወይም የክልል ኃላፊ «አዲሱ አሠራር አባሰው» ብሎ ያቆመዋል፤ ወይም ከዚያ በባሰ ባለሙያዎቹን ይቆጣል፣ እነሱም መጻፍ ያቆማሉ። ሁለተኛው ወጥመድ ክምችት ነው። የመድኃኒት ፍላጎት የሚተነበየው ካለፈው ዓመት መዝገብ ነው፤ መዝገቡ ግማሹን ካላየ ትንበያውም ግማሽ ነው። ስለዚህ ሥልጠናው በተሰጠበት ሩብ ዓመት መድኃኒቱ ያልቃል፣ ባለሙያውም ያየውን ደም የሚያቆምበት ነገር ያጣል። ኪሱ ከመድረሱ በፊት የመድኃኒቱ ትንበያ በእጥፍ መከለስ አለበት።

«የሌላ አገር ጥናት እያለ የራሳችንን ለምን እናጠናለን?» የሚል ጥያቄ በበጀት ክርክር ላይ ሁልጊዜ ይነሣል። በ2011 የታተመው «ፊስት» የተባለው ጥናት መልስ ይሰጣል። በድንጋጤ ደረጃ (ሾክ፤ ደም ወደ ሰውነት ክፍሎች በበቂ የማይደርስበት ሁኔታ) ላይ ለደረሰ ትኩሳታም ሕፃን በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ በፍጥነት መስጠት ሕይወት አድን ነው ተብሎ በመመሪያዎች ተጽፎ ነበር፤ ልምዱ የመጣው መተንፈሻ መሣሪያና የጽኑ ሕሙማን ክፍል ካለባቸው ሆስፒታሎች ነው። በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ 3,141 ሕፃናት ላይ ሲፈተን ፈጣን ፈሳሽ ካገኙት በ48 ሰዓት ውስጥ እንደ ፈሳሹ ዓይነት 10.5 እና 10.6 በመቶ ሞቱ፤ ካላገኙት 7.3 በመቶ። እዚህ ላይ ስህተት እንዳይፈጠር፦ ጥናቱ በተቅማጥ ውኃቸው ያለቀ ሕፃናትን አላካተተም፤ ለእነሱ ፈሳሽ ዛሬም ሕይወት ነው። በሌላ ቦታ የሠራ ሕክምና ቦታው ሲለወጥ ሊገድል እንደሚችል ግን በቁጥር ታየ፤ ይህን ጥናት ሌላ ማንም አገር ሊያደርገው ባልቻለ ነበር፣ ሕፃናቱ የነበሩት በእነዚህ አገሮች ነበርና።

አገራዊ ምርምር ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት አዲስ ሕንፃና ውድ መሣሪያ ነው። በኮቪድ ወቅት በብሪታንያ የተደረገው «ሪከቨሪ» የተባለ ጥናት ሌላ መንገድ አሳይቷል። የምርምሩ ቅጽ አጭር ነበር፣ መመዝገብም ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ የአገሪቱ ከፍተኛ የሕክምና ኃላፊዎች ሆስፒታሎች ሕሙማንን ከጥናቱ ውጭ ባልተፈተነ መድኃኒት እንዳያክሙ በደብዳቤ አሳሰቡ። በመጋቢት 2020 ተጀምሮ በሰኔ አጋማሽ መልስ ተገኘ፦ 6 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታሶን በቀን። በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ከነበሩት ያላገኙት 41.4 በመቶ ሲሞቱ ያገኙት 29.3 በመቶ ሞቱ። ኦክሲጅን ባላስፈለጋቸው ሕሙማን ላይ ጥቅም አልታየም። ርካሽ፣ አሮጌ መድኃኒት ነው፤ የሕክምና ሥርዓቱን ወደ ጥናት መሣሪያነት የለወጠው ግን የፖሊሲ ውሳኔ ነው።

ይህን ለመሥራት ሁለት ነገር አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። አንደኛው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ነው። በተለያየ እርከን ያሉ ኮሚቴዎች አንዱን ማመልከቻ እየደጋገሙ ሲመረምሩ ወራት ይሄዳሉ፤ ለብዙ ሆስፒታል ጥናት አንድ አገራዊ ኮሚቴ ወስኖ ሌሎቹ ቢቀበሉት ጥንቃቄው አይጎድልም። ሁለተኛው በድንገተኛ ሁኔታ ያለ የስምምነት ሕግ ነው። እየደማች ያለች እናት ረጅም ቅጽ አንብባ አትፈርምም፤ ሕፃኑ ራሱን ስቶ የመጣ አባትም እንዲሁ። «ፊስት» በአስቸኳይ ሁኔታ ወላጁ በቃል ተጠይቆ ሙሉው ስምምነት ሕፃኑ ከተረጋጋ በኋላ እንዲወሰድ በኮሚቴ ተፈቅዶለት ነበር። ሕጉ ይህን ካልፈቀደ ድንገተኛ ሕክምና ፈጽሞ አይጠናም፤ ባልተጠና ሕክምና መታከሙ ግን ይቀጥላል፣ ለዚያ ማንም ፈርሞ አያውቅም።

ነገ ጠዋት ሊጀመር በሚችል ሥራ ልዝጋ። የማዋለጃ መዝገብ አሁን የሚጠይቀው «ደም ፈሷት ነበር? አዎ ወይም አይደለም» ብቻ ከሆነ በቦታው ሦስት ዓምዶች ይግቡ፦ በኪሱ የተለካው ደም በሚሊ ሊትር፣ ደም መፍሰሱ የታወቀበት ሰዓትና ደቂቃ፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ የተጀመረበት ሰዓትና ደቂቃ። በሁለቱ ሰዓታት መካከል ያለው ልዩነት በየወሩ ይደመር፤ አማካይ ብቻ ሳይሆን ረጅሙም ይጻፍ፣ ችግሩ የሚደበቀው እዚያ ነውና። ረጅሙ 70 ደቂቃ ከሆነ በዚያ ሌሊት ምን እንደጎደለ፣ ቁልፉ፣ ደረሰኙ፣ አምፑሉ ወይስ ሰው፣ በስብሰባ ላይ ይጠየቅ። ወረቀቱም ለጤና ክፍሉ ብቻ አይላክ። ግልባጩ ለበጀትና ለግዥ ኃላፊዎች ይድረስ።